ልጄ ሳንባ ውስጥ የገባው ለውዝ እንዴት ተገኘ፣ እንዴትስ ወጣ

ትናንሽ ልጆችን ሲበሉ ትን ማለቱ በየቤቱ የተለመደ በመሆኑ፣ ሳሉ ካበቃና ልጁ ወደ ጨዋታው ከተመለሰ በኋላ ነገሩን የሚያስታውስ ሰው ብዙ አይገኝም። ይህን የምጽፈው ግን ሳሉ ያበቃው ወደ አየር ቧንቧው የገባው ነገር ስለወጣ ሳይሆን፣ ወደ ታች ወርዶ ከሳንባው ቅርንጫፎች በአንዱ ስለተቀመጠ ሊሆን እንደሚችል በገዛ ልጄ ሕመም የተረዳሁትን ለሌሎች ወላጆች ለማካፈል ነው። ሐኪም አይደለሁም። እዚህ የሰፈረው ከደረሰብን ነገር፣ ልጄን ያከሙት ሐኪሞች ካብራሩልኝና ከዚያ በኋላ እኔው እየጠየቅሁና እያነበብሁ ካረጋገጥሁት የተውጣጣ ነው።

የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ልጄ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት ጎረቤት ቡና ተጠርተን ሄድን። የገብስ ቆሎ ከሽምብራና ከለውዝ ጋር ተቀላቅሎ ቀርቦ ነበር፤ ትልልቆቹ ልጆች እየዘገኑ ሲሯሯጡ እሱም አፉን ሞልቶ እየሳቀ ተከተላቸው፤ በዚያው ቅጽበት ትን አለው። ፊቱ ቀላ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ለአፍታ ትንፋሹ የተቆረጠ መሰለ፤ ወዲያው ግን በኃይል መሳል ጀመረ። እናቴ ጀርባውን መታ መታ ስታደርግለት የቆሎ ፍርፋሪ ከምራቅ ጋር ወጣ፤ «እሰይ፣ ወጣለት» ተባለ። አቦል ላይ ትን ያለው ልጅ ቶና ሳይቀዳ ጨዋታው ላይ ነበር።

የዚህ ሕመም አስቸጋሪ ጠባይ እዚህ ላይ ነው። ባዕድ ነገሩ በድምፅ አውታሮች በኩል ሲያልፍ ከባድ ሳልና መታፈን ይፈጠራል። አልፎ ወደ ሳንባው ቅርንጫፍ ከገባ በኋላ ግን አካባቢው ይላመደውና ሳሉ ይቀንሳል፤ ልጁ ይጫወታል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ይህ የዝምታ ጊዜ ለሰዓታትም፣ ለቀናትም፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይቆያል። ሦስተኛው ምዕራፍ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ትኩሳት፣ የማይለቅ ሳል፣ አክታ፣ ተመላልሶ የሚመጣ የሳንባ ምች፣ ሲቆይም የሳንባው ቅርንጫፍ ለዘለቄታው መጎዳት። ለውዝ በተለይ ክፉ ነው፤ ዘይቱ የአየር ቧንቧውን ስስ ሽፋን ያስቆጣዋል፣ ያሳብጠዋል። ባቄላና አተርም እርጥበት መጠው ይነፋሉ። ከብረት ወይም ከፕላስቲክ ቁራጭ ይልቅ እህል ሳንባን ቶሎ ያውካል መባሉን ስሰማ መጀመሪያ ማመን አቅቶኝ ነበር።

በእኛ ልጅ ላይ ሳሉ ተመልሶ የመጣው ከጥቂት ቀናት በኋላ ሌሊት ሌሊት ነው። ትኩሳት ሲጨመርበት ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ የሳንባ ምች ነው ተብሎ አሞክሳሲሊን የተባለ አንቲባዮቲክ ታዘዘለት። ተሻለው፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ ግን ተመለሰበት። ሌላ ክሊኒክ ስንወስደው ደረቱ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ስላለው አስም ሳይሆን አይቀርም ተብሎ የሚነፋ ሳልቡታሞል ተሰጠው፤ እሱም ለጊዜው ያረግብለት እንጂ አላዳነውም። ራጅ ተነሥቶ «ንጹሕ ነው» ተብለናል። ሐኪሞቹን ለመክሰስ አይደለም ይህን የማነሣው። በአገራችን ሳልና ትኩሳት ይዞት የሚመጣ ሕፃን ሁሉ መጀመሪያ በሳንባ ምች ቢጠረጠር የሚያስገርም አይደለም፤ ለውዝም ሆነ ሽምብራ ደግሞ በራጅ አይታይም። ራጅ በቀጥታ የሚያሳየው ብረትን፣ ድንጋይንና የመሳሰሉትን ነው። ስለዚህ ንጹሕ ራጅ ባዕድ ነገር አለመኖሩን አያረጋግጥም።

በዚህ መካከል ዘመድ አዝማድ የመሰለውን መከረን። ከምክሮቹ ሁሉ አጥብቄ ልቃወመው የምፈልገው «እንጥሉ ወርዶ ነው፤ ይቆረጥለት» የሚለውን ነው። እንጥል መቁረጥ ለሳል መድኃኒት አይሆንም፤ በአንጻሩ ሕፃኑን ለከባድ መድማትና ለኢንፌክሽን ያጋልጠዋል። ሳንባው ውስጥ ባዕድ ነገር ላለበት ልጅ ደግሞ አደጋው እጥፍ ነው፤ ጊዜውንም ይበላበታል። ባለቤቴ ይህን ምክር ገና ሲሰማ እምቢ በማለቱ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ነገሩን የለወጠው አንዲት የሕፃናት ሐኪም የጠየቀችው ጥያቄ ነው። ካርዱን አገላብጣ አየችና ማዳመጫዋን ሳታነሣ፣ «እናት፣ ይህ ሳል ከመጀመሩ በፊት እየበላ ወይም እየተጫወተ ድንገት ትን ብሎት ያውቃል?» አለችኝ። ከእኔ ቀድማ የመለሰችው እናቴ ናት፤ «ኧረ አዎ፣ ቡና ላይ! ግን እኮ ወጥቶለታል»። ሐኪሟ ቀኑን፣ ምን ይበላ እንደነበር፣ ምን ያህል እንደተጨነቀ፣ መልኩ ጠቁሮ እንደነበረና እንዳልነበረ አንድ በአንድ ጠየቀችን፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ይህን የጠየቀን ሰው አልነበረም። ከዚያ ሁለቱን የደረቱን ጎኖች እያፈራረቀች ለረጅም ጊዜ አዳመጠች፤ በቀኝ በኩል የሚገባው አየር ከግራው ያነሰ ነበር። አስም ሁለቱንም ሳንባ ስለሚያውክ፣ በአንድ ጎን ብቻ የሚሰማ ሲርታ ወይም የትንፋሽ መቀነስ ሁልጊዜ ጥርጣሬ ሊያሳድር እንደሚገባ ያኔ ነው ያስረዳችኝ።

ራጁም በድጋሚ ተነሣ፤ በዚህ ጊዜ ግን ልጁ አየር ሲያስወጣ የሚያሳይ እንዲሆን ተደረገ። የቀኙ ሳንባ ከግራው ይልቅ ጠቁሮና ተነፍቶ፣ ልብም ወደ ግራ ተገፍቶ ታየ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ልጁ አየር ሲስብ ቧንቧው ሰፋ ስለሚል አየሩ በለውዙ ጎን ሾልኮ ያልፋል፤ ሲያስወጣ ደግሞ ቧንቧው ጠበብ ስለሚል ይዘጋል። ስለዚህ አየሩ ይገባል እንጂ አይወጣም፤ ሳንባውም ያብጣል። ቅርንጫፉ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ግን የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ ከመዘጊያው በታች ያለው ሳንባ አየር አልቆበት ይሰበሰባል። ሐኪሟ ስታጠቃልል፣ ራጁ ባያሳይም እንኳ ታሪኩ ብቻውን ለምርመራ በቂ ምክንያት ነበር አለች። ከሁሉም በላይ በአእምሮዬ የቀረው ይህ ንግግሯ ነው።

ለሕፃን ልክ የሆነ ብሮንኮስኮፕ (ወደ አየር ቧንቧ ገብቶ ውስጡን የሚያሳይ ቱቦ)፣ በዚያ የሠለጠነ ሐኪምና ሕፃናትን ማደንዘዝ የለመደ ባለሙያ በአንድ ላይ የሚገኙት በጥቂት ትልልቅ ሆስፒታሎች በመሆኑ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈልን። በሸኖና በሰንዳፋ በኩል ያለውን 130 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በአምቡላንስ፣ ኦክስጅን ተዘጋጅቶ ሄድን። በመንገድ ላይ ቢያስለው የተቀመጠው ነገር ተነቅሎ ዋናውን የአየር ቧንቧ ሊዘጋ ስለሚችል፣ ልጁን እንዳንገለብጠው፣ ጀርባውን እንዳንመታው፣ እንዳናስለቅሰውም ተነግሮን ነበር። ቁጭ ብሎ፣ እኔ ላይ ተደግፎ መጣ።

ከሕክምናው በፊት መጾም አለበት። ለማደንዘዣ የሚፈለገው በአጠቃላይ ከጠንካራ ምግብ 6 ሰዓት፣ ከእናት ጡት ወተት 4 ሰዓት፣ ከንጹሕ ውሃ 2 ሰዓት ነው፤ ልጁ ትንፋሽ ካጠረው ግን ሐኪሞቹ ይህን ሳይጠብቁ ሊገቡ ይችላሉ። የተራበ ሕፃን ለቅሶ አንጀት ይበላል፤ ቢሆንም ተደብቆ ብስኩት መስጠት በሰመመን ውስጥ ትውከቱ ወደ ሳንባው እንዲገባ በር መክፈት ነው። ተራችን የዘገየው ከእኛ በፊት የነበረ አንድ ሕፃን በዚሁ ምክንያት ቀጠሮው ተገፍቶ ሰልፉ ስለተዛባ ነበር።

ብዙ ወላጆች እንደእኔው «ኦፕሬሽን» የሚለውን ሲሰሙ ደረቱ የሚከፈት ይመስላቸዋል። የሚሆነው እንዲህ ነው። ልጁ ሙሉ በሙሉ ሲደነዝዝ ቀጥ ያለ ቀጭን የብረት ቱቦ በአፉ፣ በድምፅ አውታሮቹ መካከል አልፎ ወደ አየር ቧንቧው ይገባል፤ ሰመመን ሰጪው በዚያው ቱቦ በኩል ኦክስጅን ይሰጠዋል፣ ሐኪሙ ደግሞ በውስጡ መነጽርና ረጅም መቆንጠጫ አሳልፎ የተቀረቀረውን ነገር ይይዛል። የማስፈረሚያውን ወረቀት ያስረዳኝ የአንገት በላይ ሐኪም ስለ አደጋው ምንም አልደበቀኝም። መድማት፣ የጉሮሮ እብጠት፣ ከሳንባ ውጭ አየር መፍሰስ፣ በሂደቱ ወቅት ኦክስጅን መውረድ ሊያጋጥም ይችላል፤ አልፎ አልፎ ነገሩ በዚህ መንገድ እምቢ ብሎ ደረት መክፈት የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። «ገብተንም ምንም ላናገኝ እንችላለን» አለኝ፤ ጥርጣሬው ጠንካራ ከሆነ ግን ገብቶ ባዶ ማግኘት ሳይገቡ ከመተው ይሻላል። ይህን ሲል ፊቱ ላይ ማመንታት ስላልነበረ ፈረምሁ።

ይህ ዘዴ አዲስ አለመሆኑን ኋላ ላይ ሳነብ ነው ያወቅሁት። ጀርመናዊው ጉስታቭ ኪሊያን እ.ኤ.አ. በ1897 ፍራይቡርግ ውስጥ በአንድ ገበሬ ሳንባ ቅርንጫፍ የተቀረቀረ የአሳማ አጥንት በቱቦ አውጥቷል። አሜሪካዊው ሼቫሊየር ጃክሰን ደግሞ ከታካሚዎቹ የአየርና የምግብ ቧንቧ ያወጣቸውን ነገሮች ሰብስቦ በማስቀመጡ፣ 2,374 ያህሉ ዛሬም በፊላደልፊያ ሙተር ሙዚየም ይታያሉ፤ መርፌ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ ጥራጥሬና የመጫወቻ ቁርጥራጭ ይገኝበታል። አንድ ምዕተ ዓመት አልፎም ልጆች የሚውጡትና የሚተነፍሱት ነገር ብዙ አልተለወጠም፤ የተጨመረው ባትሪና ማግኔት ነው።

ከልጄ የወጣው ግማሽ ለውዝ ነው። ርሶ ስለነበር ሲያዝ ተፈርፍሮ፣ ሐኪሙ ቱቦውን ደጋግሞ እያስገባ ቁርጥራጩን ለቅሞ፣ በመጨረሻ ግራውንም ቀኙንም ፈትሾ ወጣ። ሲነቃ ድምፁ ጎርንኖ ነበር። ለጉሮሮው እብጠት ዴክሳሜታዞን ተሰጠው፣ በኔቡላይዘር የሚተነፈስ መድኃኒትም ተጨመረለት፤ ሌሊቱን ኦክስጅኑ በጣቱ ላይ በታሰረ መለኪያ ሲታይ አደረ። የሳንባ ምች አስቀድሞ ይዞት ስለነበር የአንቲባዮቲኩ ሕክምና ቀጠለ። ለውዙ ገብቶ ብዙ ባይቆይ ኖሮ ይህ ላያስፈልገው ይችል እንደነበር ተነግሮኛል።

በዚያው ክፍል የተኙት ልጆች ታሪክ የተለያየ ነበር። አንዷ ሳንቲም ውጣለች። ሳንቲም ብዙውን ጊዜ የሚገባው ወደ ምግብ ቧንቧ ሲሆን፣ በፊት ለፊት ራጅ ላይ ክብ ሆኖ ይታያል፤ በአየር ቧንቧ ውስጥ ያለ ሳንቲም ግን አብዛኛውን ጊዜ በጠርዙ ቆሞ እንደ መስመር ይታያል። ወደ ጨጓራ ከወረደ በአብዛኛው በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሰገራ ጋር ይወጣል፤ ጉሮሮ ላይ ከቆመና ልጁ ምራቁን መዋጥ ካቃተው ግን ሳይውል ሳያድር መውጣት አለበት። ወደ ታች እንዲገፋው ተብሎ የሚጎረሰው እንጀራ፣ ዳቦ ወይም ሙዝ ማውጣቱን ያከብደዋል፣ ለማደንዘዣም እንቅፋት ይሆናል።

ሌላው ልጅ የዋጠው ከሪሞት የወጣች ክብ ባትሪ ነበረች። ስለዚህች ነገር ሁሉም ወላጅ ማወቅ ይገባዋል። ክብ ባትሪ የምግብ ቧንቧ ላይ ስትቆም ከእርጥቡ ሥጋ ጋር የኤሌክትሪክ ዑደት ትፈጥራለች፤ በአሉታዊው ጫፏ በኩል የሚፈጠረው እንደ አልካሊ የሚያቃጥል ውህድ በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ፣ ከዚያም ቧንቧውን ሊበሳ፣ ትልቅ የደም ሥርም ሊያቆስል ይችላል። ከሁሉ የከፋችው 20 ሚሊሜትር ስፋት ያላትና 3 ቮልት የምትሰጠው የሊቲየም ባትሪ ናት፤ በልጅ ጉሮሮ ላይ ለመቆም ልክ ናትና። በራጅ ስትታይ ሳንቲም ትመስላለች፤ ዳር ዳሯን የሚዞረው ድርብ ቀለበት ግን ይለያታል። ስለዚህ «ሳንቲም ሳይሆን አይቀርም» የሚል ግምት አያስተማምንም፤ ሪሞቱ፣ ሰዓቱ ወይም መብራት ያለው መጫወቻ ባትሪ ጎድሎት እንደሆነ ቤት ያለ ሰው ይፈትሽ። ልጁ አንድ ዓመት ካለፈው፣ መዋጥ ከቻለና ከዋጠ 12 ሰዓት ካልሞላው፣ ወደ ሆስፒታል እየተጓዙ በየ10 ደቂቃው 2 የሻይ ማንኪያ ማር እስከ 6 ጊዜ መስጠት ቃጠሎውን እንደሚያዘገይ ይመከራል። ማር ፍለጋ ተብሎ ግን ጉዞ አይዘገይም፤ ከማር ውጭ ሌላ ምግብም ሆነ መጠጥ አይሰጥም፤ ለማስታወክም መሞከር አይገባም። ማግኔትም ቢሆን ከአንድ በላይ ከተዋጠ በአንጀት ግድግዳዎች ማዶና ማዶ ሆኖ ስለሚሳሳብ አንጀት ሊበሳ ይችላል፤ ልጁ ደህና መስሎ ቢታይም ይመርመር።

ከሆስፒታል እንደወጣን አንዲት ሲስተር ለእናቶች የምታሳየውን የመጀመሪያ ርዳታ በአሻንጉሊት እየደጋገምሁ ተለማመድሁ። ልጁ በኃይል መሳል፣ ማልቀስ ወይም መናገር ከቻለ አየር እየገባ ነውና እንዲስል ማበረታታት ብቻ ነው፤ ሳሉ ከማንኛችንም እጅ የበለጠ ኃይል አለው። ድምፅ ከሌለው፣ መተንፈስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ግን አፋጣኝ ርዳታ ያስፈልገዋል። አንድ ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ጭንቅላቱ ከደረቱ ዝቅ እንዲል በክንድ ላይ በሆዱ አስተኝቶ፣ በመዳፍ ተረከዝ በትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ መምታት፤ ካልወጣ በጀርባው ገልብጦ በጡቶቹ መካከል ባለው አጥንት ላይ በሁለት ጣት 5 ጊዜ መጫን። ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነው፣ ወደ ፊት አጎንብሶት ጀርባውን 5 ጊዜ ከመቱ በኋላ፣ ከኋላው ተንበርክኮ በእምብርቱና በደረቱ አጥንት መካከል እጅን ጨብጦ 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ መግፋት፤ ሁለቱንም እያፈራረቁ መቀጠል። የማይታየውን ነገር በጣት መፈለግ የበለጠ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ልጁ ራሱን ከሳተ የልብና የትንፋሽ ማነቃቂያ መጀመር፣ ሌላ ሰው ደግሞ አምቡላንስ መጥራት አለበት፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ሲሆን፣ አዲስ አበባ ላይ የእሳትና አደጋ 939 አለ። ትንፋሹ የተስተካከለ ልጅን ግን መገልበጥም ሆነ ሆዱን መግፋት አያስፈልግም፤ ሆዱ የተገፋ ልጅ ነገሩ ቢወጣለትም ውስጡ እንዳልተጎዳ በሐኪም ይታይ።

በቤታችን ቆሎ አልቀረም፤ ቡናም ያለ ቆሎ አይጠጣም። የተለወጠው ከ4 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሙሉ ለውዝ፣ ሽምብራ፣ ፈንዲሻና ጠንካራ ከረሜላ እንዳይቀርብላቸው መስማማታችን ነው። ጠንካራውን እህል የሚፈጩት የኋላ ጥርሶች ሁሉም ወጥተው የሚያበቁት ወደ ሦስተኛው ዓመት አካባቢ ስለሆነ፣ ትንሹ ልጅ የፊት ጥርሱ ቢኖረውም ለውዙን ለሁለት ይሰብረዋል እንጂ አይፈጨውም። ለውዝ የሚወድ ልጅ ተፈጭቶ በስሱ ዳቦ ላይ ሲቀባለት ይበላዋል። ጊሽጣ፣ ብርቱካንና ሐብሐብ ፍሬያቸው ይለቀምላቸው፤ ወይን ለአራት ይሰንጠቅ። ልጅ ተቀምጦ ይብላ፤ ሲስቅ፣ ሲሮጥ ወይም ሲያለቅስ አይጎረስ። ሕፃን በእጅ ማጋትን የለመዱ አያቶችም አሉና፣ አፍንጫውን ይዞ የሚያለቅስ ልጅ ላይ ፈሳሽ ወይም መድኃኒት ማፍሰስ ወደ ሳንባው እንደሚልከው በአክብሮት ማስረዳት ያስፈልጋል። እናቴን ያሳመናት ሐኪሙ በትንሽ ብልቃጥ ያሳያት የለውዝ ቁራጭ ነው፤ ዛሬ በየቡናው ላይ ከእኔ በላይ የምትከራከረው እሷ ናት።

ልጁን ይዛችሁ ስትሄዱ፣ ትን ያለው መቼ እንደሆነና ምን እንደነበር፣ ለመጨረሻ ጊዜ የበላው በስንት ሰዓት እንደሆነ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ፤ የዋጠው ነገር ተመሳሳዩ ወይም የባትሪው ማሸጊያ ካለ አብራችሁ ውሰዱ። ካርድ ክፍል ያለው ሰው «ምን ሆኖ ነው?» ሲላችሁ «ሳል አለው» ከማለት በፊት «ትን ብሎት ነበር» በሉ፤ ወሩ አልፎም ቢሆን በሉ። ባዕድ ነገሩ ከወጣ በኋላም ትኩሳት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተመለሰ ቁራጭ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠብቁ መመለስ ያስፈልጋል፤ እኛም በቀጠሯችን ተመልሰን ደረቱ በሁለቱም ጎን እኩል መተንፈሱ ተረጋግጦልን፣ የአስሙ መድኃኒት እንዲቋረጥ ተወስኗል።